ሞተሩን ያሳጠረው ልብስ ሰፊ

እትዬ ሚዛን ነው የሚሏት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲጨንቀው ካልሆነ አይጠራትም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ውስጥ፣ ከእሽግ መመዘኛው ኋላ ቆማ ኖራለች። ሰው እሽጉን ሲያቀብላት እጇ ላይ ትንሽ ታንሳፍፈውና፣ "ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ" ትላለች። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው መርፌው ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ እዚያው እሷ ያለችው ላይ ይቆማል። አለቃዋ ሳይቀር፣ "ሚዛኑ የተበላሸ ቀን አንቺን ነው የምናስቀምጠው" ይላት ነበር። ጡረታ ስትወጣ አዲስ ሚዛን ገብቶ ስለነበር አሮጌውን ለእሷ ሰጧት። አሁን ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሽንኩርት ተሸክሞ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲያ ያልመዘነችው ነገር የለም። የጎረቤት ሕፃናትን፣ የታጠበ ብርድ ልብስን ከነውሃው፣ ባሏንም ጭምር። ባሏ ሲያገባት አምሳ ሦስት ኪሎ ነበር፤ ዛሬም አምሳ ሦስት ኪሎ ነው። እሷ እንኳ ከሙሽርነቷ ወዲህ ጥቂት ጨምራለች። ስንት እንደጨመረች የሚያውቀው ሚዛኑ ብቻ ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ አፉ ጥብቅ ነው።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። መንገድ ዳር ያለችው የፊት ክፍላቸው ሱቁ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ ሰውዬ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ መጥተው ያልወሰዱ ሰዎች ሱሪ። ከአንገቱ የሜትር ጥብጣብ ወርዶ አያውቅም፤ አንዴ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዞት ገብቶ ሰው ሁሉ ሟቹን ሊለካ የመጣ መስሎት ነበር። ስለ ክብደት ግን ምንም አያውቅም። እሷ ስለ ርዝመት ግድ የላትም። እንዲህ ተከፋፍለው ሲኖሩ ብዙ ጠብ አልነበራቸውም፤ ጀልባዋ እስክትመጣ ድረስ።

ጀልባዋን ከአንድ አገር ለቆ ከሚሄድ አስተማሪ ነበር ያገኛት። ትንሽ ናት፤ ሁለት ሰውና አንድ ቅርጫት ብትይዝ ነው። ሐይቁ ከቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም፣ እሱ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እግሩን እንኳ ነክሮበት አያውቅም ነበር። ጀልባዋን ሲያይ ግን አበደ። ሸራዋን በገዛ እጁ ሰፋት። ሸራ ያለቀበት ቦታ ላይ አንድ ሙሽራ አሠርቶ የተወውን ግራጫ የኮት ጨርቅ ቀጠለበት። ገመድ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እንደ ኮት የቁልፍ ቀዳዳ አንድ በአንድ በእጅ ጠለፋቸው። ከሁሉ የሚገርመው፣ እጁ ለምዶበት፣ ሸራው ላይ የደረት ኪስ አወጣለት። ኪስ ያለው ሸራ! ሰው ሲስቅበት፣ "እርሳሴን የት ላድርጋት ታዲያ?" አለ።

ውሃ የገባችበት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። አንዱ፣ "እትዬ ሚዛንስ? ቀድማ መግባት ያለባት እሷ አይደለችም እንዴ?" ብሎ ሲጮህ፣ ልብስ ሰፊው በደስታ ብዛት አፉ ቀደመውና፣ "ባለቤቴ ከገባችበትማ ሰርጓጅ መርከብ ሆነች ማለት ነው!" አለ።

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በጥርሷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባዋ ውስጥ እግሯን አላስገባችም። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ባሏ ያስተዋለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልብስ እንዲሰፋላት አትሰጠውም። ተሰፍቶ የተሰቀለ ቀሚስ ከገበያ እየገዛች ትለብሳለች፤ እጅጌው እስከ ጣቷ ይደርሳል፣ ወገቡ ያንቃታል። የልብስ ሰፊ ሚስት! "ምነው እመቤት፣ እኔ አለሁ አይደል?" ሲላት፣ "አንተ ሥራ ይበዛብሃል" ብላ ታልፈዋለች። እሱም ሥራ ስለሚበዛበት አመናት።

የዚያ ሐይቅ ነፋስ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው። ጠዋት ይገባል፣ እስከ እኩለ ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ለምሳ ይወጣና ሲያሰኘው ይመለሳል፤ ካላሰኘው ይቀራል። ልብስ ሰፊው ይህን እያወቀ ሁልጊዜ መሃል ሐይቅ ላይ ያመልጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዝፎ ይመለስ ነበር። አርባ ዓመት ካውያ የገፋ ትከሻ ግን እየዛለ ሄደ፤ መቅዘፊያውን አሥር ጊዜ ካነሳ ክንዱ አልታዘዝ ይለዋል። ያኔ ዓሣ አጥማጁ ነው ገመድ ወርውሮ ጎትቶ የሚያመጣው። ዓሣ አጥማጁ ትልቅ ሰውነትና ትልቅ አፍ ያለው፣ ዳክዬ የሚያረባ ሰው ነው። በጎተተው ቁጥር፣ "ዛሬ አንድ ትልቅ ዓሣ ያዝኩ፣ ግን ኮት ለብሷል!" እያለ ለሰፈሩ ያውጃል።

አሥራ አንደኛው ጊዜ ላይ ግን ዓሣ አጥማጁም ሌላ ቦታ ውሎ ኖሮ፣ ልብስ ሰፊው ከቀትር እስከ ጀምበር መጥለቂያ መሃል ላይ ቀረ። እትዬ ሚዛን ሹራቡን በክንዷ ይዛ ከውሃው ዳር አልተነቃነቀችም። ያን ዕለት ሹራቡ ከብዷት ነበር። ስንት ግራም እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ግን ከብዷት ነበር። ተጎትቶ ሲመጣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ፊቱ ተቃጥሎ ነበር። ሹራቡን አለበሰችውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለችው።

"ስማኝ አንተ ሰው። አሥራ ሁለተኛ ጊዜ ከተጎተትክ ጀልባዋ የዳክዬ ቤት ትሆናለች። ማል።"

"ኧረ እመቤት..."

"ማል!"

ልብስ ሰፊው በስፌት መኪናዎቹ ማለ። ዓሣ አጥማጁም እዚያው በክንዱ የጀልባዋን ወርድ ለካና፣ "አሥር ዳክዬ ከነጫጩቷ ትይዛለች" አለ።

ሞተሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሌላ ከተማ የሚሠራው ልጃቸው የአባቱን መሐላ በስልክ ሰምቶ በፖስታ ላከው። እትዬ ሚዛን ልትቀበል ሄዳ እሽጉን እጇ ላይ አንሳፈፈችና፣ "አሥራ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ" አለች። እሷን የተካችው ልጅ መዝና፣ "ልክ ነዎት እትዬ" አለቻት። ወደ ቤት ስትመለስ ሞቅ ብሏት ነበር። የድሮ ቦታዋ ላይ የቆመች ያህል።

ሞተሩ በባትሪ የሚሠራ ነው። ከላይ መያዣ እጀታ ያለው ራስ፣ ከታች ውሃውን እየጠረገች ጀልባዋን የምትገፋ ትንሽ ሽክርክሪት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ደግሞ ረጅም ቧንቧ። ልብስ ሰፊው ሬዲዮ ጠጋኙን ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ጀልባዋን ግቢ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ አወጧትና ሥራ ጀመሩ። መሪው የጀልባዋን ኋላ መሃሉን ይዞታል፤ ስለዚህ ሞተሩ ከመሪው በስተግራ እንዲሆን ተስማሙ። የኋላዋ ሳንቃ ቀጭን ስለሆነ ከውስጥም ከውጭም ወፍራም ጣውላ ደርበው በአራት ብሎን አሰሩት። ልብስ ሰፊው የብሎኖቹን ቦታ በልብስ ጠመኔ ምልክት አደረገ፣ በጣውላውና በሳንቃው መሃል የሚገባውን ጎማ በመቀስ እንደ ኮሌታ ቆረጠ። የሞተሩን ሁለት መያዣ ብሎኖች አጥብቀው ሲሰቅሉት እንዳማረበት ማንም አይክድም።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ደንበኛ አዲስ ሱሪ ለብሶ ሲቆምለት እንደሚያደርገው አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘመመ።

"ረዘመ" አለ።

"ምኑ ጋሼ?"

"እግሩ። አታየውም? መሬት ሊጠርግ ነው።"

"ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ እኮ ምን መሬት አለ?"

"አርባ ዓመት ሙሉ እግር ስለካ ኖሬ፣ ረዘመና አጠረን አንተ ልታስተምረኝ? አንድ ስንዝር ይቀነስለት። ጥርት ብሎ ይወርዳል።"

ሬዲዮ ጠጋኙ ሰው አክባሪ ነው፤ ያ ነው ጥፋቱ። የሞተሩን ራስ ነቅሎ፣ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች ስቦ አወጣና መጋዙን አነሳ። ይሄኔ እትዬ ሚዛን በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለች። ባሏ የማንንም ሰው ሱሪ ሲያሳጥር አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ሳይተው እንደማይቆርጥ ታውቃለች። ሰው ይረዝማል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ሱሪውን ለወንድሙ ይሰጣል እያለ አርባ ዓመት ሰብኳል።

"እጥፋት ትተሃል?" አለችው።

"ቧንቧ ይታጠፋል እንዴ?" አለ፣ ከሬዲዮ ጠጋኙ ጋር እየተጠቃቀሰ።

ተቆረጠ። ቁራጯን ቧንቧ አንስታ እጇ ላይ አንሳፈፈቻት፤ ሁለት መቶ ግራም ትሆናለች። ወስዳ አልከፈት አልዘጋ የሚላትን የወጥ ቤት መስኮት ደገፈችባት። ባትሪው ደግሞ ሃያ ሁለት ኪሎ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኙ ውሃ እንዳይረጨው ብሎ ከፊት፣ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ከተተውና ረጅም ሽቦ ዘረጋለት። እትዬ ሚዛን ይህንንም አየች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ማን ጠየቃት?

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ብቻውን ሞከረው። ከኋላ ተቀምጦ፣ ሞተሩ እንደ ንብ እያንጎራጎረ፣ ከዳር ሳይርቅ ሦስት ጊዜ ዞረ። ሰው አጨበጨበ። ዓሣ አጥማጁ፣ "ዳክዬዎቼ መና ቀሩ በሉኛ" አለ። ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሚስቱን ፈለጋት።

"እህስ?" አላት ሲወርድ።

"ብቻህንማ ማን አቃተው? እኔን ይዘህ ማዶ ሴት ልጃችን ጋ አድርሰህ ስትመልሰኝ ያኔ አምናለሁ።"

"አንቺ? ጀልባ ውስጥ?"

"ምነው፣ ትሰጥማለች?"

ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ያለውን ጥብጣብ አስተካከለ። ሴት ልጃቸው ከሐይቁ ማዶ አግብታ፣ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነበር። በመንገድ ዞሮ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በውሃ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

እሁድ ጠዋት ወጡ። ለእሷ ክብር ሲል አዲስ ትራስ ሰፍቶ ከፊት፣ ከጀልባዋ አፍንጫ በኩል አስቀምጦላታል። እትዬ ሚዛን የረዘመውን እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ለልጇ የያዘችውን የሽንኩርት ቅርጫት አቀብላ፣ ገባች። ጀልባዋ አቃሰተች። ልብስ ሰፊው በዚያች ቅጽበት ሰማዩን ማየት ጀመረ፤ የሰማይ ነገር እንደዚያ ቀን አስደንቆት አያውቅም።

"መቅዘፊያውስ?" አለችው።

"ሞተር ያለው ሰው መቅዘፊያ ይዞ ሲሄድ የት አይተሻል? ቦታ ያጣብባል ብዬ ቤት ተውኩት።"

ሸራው በነፋሱ ተወጠረ። የደረት ኪሱም እርሳስ እንደያዘ ተነፋ። እትዬ ሚዛን እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ውሃው ከጆሮዋ ሥር እያንሾካሾከ ያልፋል፣ ሰፈሩ እያነሰ እያነሰ ሄዶ የእጅ መዳፍ አከለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዳር ቆማ ያየችው ነገር ከውስጥ ሲያዩት ሌላ ነው። ደግሞም ጀልባ ማለት ሚዛን ማለት እንደሆነ ገና እንደተቀመጠች ገብቷታል። ዘንበል ስትል ዘንበል ትላለች፣ ስትተነፍስ እንኳ ታውቅባታለች። እንግዲህ ሰው ሁሉ ዕቃውን ሲያስቀምጥበት የኖረው ሰሃን ላይ ዛሬ እሷው ወጥታ ተቀመጠች። የጀልባዋ ፊት በጣም ወርዷል፣ ኋላዋ በጣም ወጥቷል። እሷ፣ ባትሪውና ሽንኩርቱ በአንድ ወገን፤ አምሳ ሦስት ኪሎ ባል በሌላ ወገን። ያቺን መስኮት ላይ ያለችውን ቁራጭ ቧንቧ አሰበችና የሚመጣውን ሁሉ አወቀችው። ትራሷ ላይ ተደላደለች።

መሃል ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ለምሳ ወጣ።

"አሁን ነው ማየት!" አለ ልብስ ሰፊው። ሞተሩን ወደ ውሃው አወረደና እጀታውን ጠመዘዘ።

ፍርርርርር!

ሽክርክሪቷ ግማሿ ውሃ ውስጥ፣ ግማሿ ነፋስ ላይ ሆና ያለችውን ውሃ ሁሉ አንስታ ጀርባው ላይ ለቀቀችው። ጀልባዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። አጠፋው፣ አበራው። አሁን ደግሞ ውሃውን ማጅራቱ ላይ ሰጠችው። ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ እግሩን አንፈራጥጦ ከሳንቃው ላይ ተንጠለጠለ፤ በሁለት እጁ ሞተሩን ወደ ታች ተጫነው። አምሳ ሦስት ኪሎ ግን ቢንጠለጠልም አምሳ ሦስት ኪሎ ነው።

"ምነው፣ ገላህን እየታጠብክ ነው?" አለች እትዬ ሚዛን፣ ዞር ሳትል።

"ትንሽ... ውሃው ቀጥኖ ነው።"

ከሩቅ አንድ ጀልባ ወደ እነሱ መምጣት ጀመረች። ዓሣ አጥማጁ ነው። የሚቀዝፈው ቀስ ብሎ፣ ደስ እያለው ነው። ልብስ ሰፊው አየውና ፊቱ ጨው መሰለ። የዳክዬ ቤቷ መጣች።

"እመቤት፣ ፀሐዩ እዚያ አልበዛብሽም?"

"ደህና ነኝ።"

"እዚህ ከእኔ ዘንድ ጥላ አለ።"

"ሸራው የጣለው ጥላ እኔ ላይ ነው እንጂ አንተ ጋ ምን ጥላ አለ?"

"ከዚህ ሲያዩት ደግሞ ተራራው..."

"ተራራው ፊቴ ነው።"

ዓሣ አጥማጁ ድምፁ እስኪሰማ ቀረበ። ገመዱን በክንዱ ላይ ጠምጥሞ ይዟል። "ጋሼ! ዳክዬዎቹ ሰላም ብለዋል! እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ገመድ ላቀብል?"

"ቆይ!" ጮኸ ልብስ ሰፊው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ልመና፣ በስሟ ጠራት። "እመቤት" ሳይሆን እውነተኛ ስሟን። "እባክሽ ወደዚህ ነይ። ኋላዋ ቀለለ። ያንቺ... ያንቺ ይሄ... ያስፈልገናል።"

"የእኔ ምን?"

"ታውቂዋለሽ።"

"አላውቅም። ንገረኝ።"

"ክብደትሽ" አለ፣ ለጉልበቱ እንደሚነግር።

"አልሰማሁም። ያን ዕለት ከፍ አድርገህ ነበር የተናገርከው።"

"የቱን ዕለት?"

"ሰርጓጅ መርከብ ያልክ ዕለት።"

ልብስ ሰፊው እጁን ከሞተሩ ላይ አነሳ። ከጀርባው ውሃ ይንጠባጠባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራው ስፌት በሙሉ በአንዴ ተተርትሮ ፊቱ ላይ የወደቀ መሰለው። የረዘሙት እጅጌዎች፣ ያነቋት ወገቦች፣ "አንተ ሥራ ይበዛብሃል" ያለችው ሁሉ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?" አላት።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር።"

ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ለሚስቱ ሳይሆን ለዓሣ አጥማጁ፣ ለሐይቁ፣ ወዲያ ማዶም ቆሞ የሚያይ ካለ ለእሱ ጭምር፣ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ።

"ገመድህን ጠቅልል! ባለቤቴ ከባድ ናት! ያለ እሷ ክብደት ይሄ ሞተር ቬንትሌተር ነው! እኔም ያለ እሷ ላባ ነኝ! ሰምተሃል?"

"እ... ሰምቻለሁ ጋሼ" አለ ዓሣ አጥማጁ፣ አፉን ከፍቶ።

እትዬ ሚዛን ያን ጊዜ ቀሚሷን ሰበሰበች። ምሰሶውን ይዛ፣ እንደ ሕፃን በጉልበቷና በእጇ ወደ ኋላ መጣች። ጀልባዋ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ አለች፤ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን የምትሠራውን ታውቃለች። "አንተ ወደ ግራ፣ ሞተሩ ጋ። እኔ በዚህ በኩል። ሽንኩርቱና ባትሪው እዚያው ይሁኑ። አሁን አብራው።"

አበራው። ፍርርር አላለም፤ እንደ ንብ አንጎራጎረ እንጂ። ሽክርክሪቷ ከነአካቴዋ ውሃ ውስጥ ገብታ ነበር። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ ግራጫ ኪሷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ከዓሣ አጥማጁ አጠገብ ቀጥ ብላ አለፈች።

"እትዬ፣ ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነዎት?" አለ እሱ፣ ከኋላቸው እየጮኸ።

"ሚዛኑን ጠይቀው!" አለችው።

ማዶ ደረሱ። ልጅቷን ሳሙ። እትዬ ሚዛን ሕፃኑን እጇ ላይ አንሳፈፈችና፣ "ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ። አባቱን ነው የወጣው፣ አያቱን አይደለም" አለች። ሳይጎተቱ ሄደው ሳይጎተቱ ተመለሱ። ዓሣ አጥማጁ ለዳክዬዎቹ ቤት በቆርቆሮ ሠራ፤ እስከ ዛሬ ሲዘንብ ይንኳኳበታል።

በሳምንቱ ሬዲዮ ጠጋኙ መጣ። ተጸጽቶ ነበር። ቁራጯን ቧንቧ መልሶ በቀለበት ሊቀጥላት አስቧል፤ ያኔ ከፊትም ከኋላም ማን ቢቀመጥ ሞተሩ ይሠራል። ልብስ ሰፊው ወደ ወጥ ቤቱ አየ።

"ቁራጯ የት ናት እመቤት?"

"መስኮቴን ደግፋለች።"

"ሌላ እንጨት ብንደግፍበትስ?"

"እሷን ለምዷል" አለችና ድስቷን ማማሰል ቀጠለች። ሬዲዮ ጠጋኙ ሰው አክባሪ ስለሆነ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሳለ ሱቁ ውስጥ ጥላ ገባ። ቀና ሲል ሚስቱ ናት። ራስ ከሌለው ሰውዬ አጠገብ፣ ደንበኛ በሚቆምበት ቦታ ቆማለች።

"በዚህ በሚያንቅ ቀሚስ ጀልባ ላይ መዳህ አልቻልኩም" አለች። "አንድ ሰፋ ያለ ያስፈልገኛል።"

ልብስ ሰፊው ጥብጣቡን ከአንገቱ አወረደ። የሁሉን ሰው ልክ ጮክ ብሎ እየጠራ ነው የሚጽፈው፣ አመሉ ነው። የእሷን ወገብ ሲለካ ግን ቁጥሩን በዓይኑ ብቻ አነበበና ደብተሩ ጥግ ላይ በጣም ደቃቅ አድርጎ ጻፈው። አየችው። ሳቋን ይዛ ክንዶቿን ከፍ አደረገች፣ እጅጌውን እንዲለካ።

"ይሄኛውን እንኳ" አለችው፣ "እጥፋት ትተህ ቁረጥ።"